ስልክሽን ያነሳሁት እኔ ነኝ

ባሂራ፣

ሰኞ ገበያ ሄደሽ ሳለ ስልክሽ ጠራ፤ አነሳሁት። የኤጀንሲው ሰውዬ ነው። «የጆርዳን የሥራና የመኖሪያ ፈቃዷ ወጥቷል» አለኝ።
«እሷ ሐሳቧን ቀይራለች፤ አትሄድም» አልኩት።

ሥልጠናውን አብረን ወሰድን። በፈተናው የበለጥኩሽ እኔ ነኝ። ያንቺ ስም ብቻ ሲመጣ አላስቻለኝም።

ሦስት ቀን አብሬሽ በላሁ፤ መናገር ግን አቃተኝ። ዛሬ ጠዋት ለሰውዬው ደውዬ መዋሸቴን ነገርኩት። እስከ ስምንት ሰዓት ቢሮው ይጠብቅሻል። ፓስፖርትሽና ፎቶዎችሽ ሻንጣው ላይ ናቸው፤ ባጃጅ ያዢና ቶሎ ድረሺ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ ስትመለሺ ትበያለሽ።

እኔ ቡታጅራ እህቴ ጋ ሄጃለሁ። ስትሄጂም አልሸኝሽም። ቆሜ ባለቅስ፣ መለየቱ ከብዷት ነው ትያለሽ። እንደዚያ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ሰፍያ