ወደ ቤትሽ ልትገቢ የነበረበት ቀን

ውድ ዊልማ፣

እስር ቤቱ ደብዳቤ ያስገባል አሉኝ። ደግ ነው፤ በቃል ብነግርሽ ታቋርጪኛለሽ፣ ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

ያለቀ ጉዳይ ነበር እኮ! ፍሪጅሽ ሞልቶ ሳለ አይብ ካፖርትሽ ውስጥ ሸሽገሽ ከሱቅ ስትወጪ ተያዝሽ፤ ለሦስተኛ ጊዜ። እንዲያም ሆኖ ጠበቃሽ ፔኒ ለምና ለምና፣ ዕድሜሽና ባልሽን መቅበርሽ ታይቶ በገደብ ልትለቀቂ ነበር። ካንቺ የሚጠበቀው «ተጸጽቻለሁ» ብሎ መቀመጥ ብቻ! መኪና ውስጥ አለማምጄሽም ነበር።

ካንቺ በፊት ያ ኦርቪል የሚባለው፣ መኪናው ውስጥ የሚያድረው ሰውዬ ቀረበ። ምላጭ ሰርቆ ነው፤ ሁለተኛ ጥፋቱ። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ስሙን እንኳ ያነበበው ከወረቀት ነው። ሁለት ወር እስራት ተፈረደበት። እኔ «ምስኪን» ብዬ ዝም አልኩ። ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ዊልማ!

አንቺ ግን ስትጠሪ ምን አልሽ? «ክብርት ዳኛ፣ የኔ ሦስተኛዬ ነው፣ የሱ ሁለተኛው። እኔ ቤቴ ስገባ እሱ ለምን ይታሰራል? ካፖርቴ ስለሚያምር ነው?»

«እመቤት፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ።»

«እኔ የጠየቅኩትንስ ማን ይመልስልኝ?»

ፔኒ ክንድሽን ትጎትታለች፤ እኔ ከኋላ «ኧረ በናትሽ ተቀመጪ!» እላለሁ። ዳኛዋ ሲያስጠነቅቁሽ ጭራሽ ጮኽሽ። ለስርቆቱ ገደብ፣ ለምላስሽ እስር! ችሎት በመድፈር አንድ ሳምንት።

አንቺን ሲያስወጡሽ ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው የሰውየውን መዝገብ እንደገና ገለጡ። ከዚያ ገና ከችሎቱ ያልወጣውን ኦርቪልን መልሰው አስጠሩትና ጠበቃውን «ቅጣት ማቅለያ የለዎትም?» አሉት። ጠበቃው ሲንተባተብ ሰውየው ራሱ ተናገረ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራውን፣ ቀጥሎ ቤቱን ማጣቱን። ከዚህ በፊት የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሱም በገደብ ተለቀቀ።

ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ያቺ ሴትዮ ምንህ ናት?»

«እህቴ ናት፤ ምን ላድርግ?»

«እኔ'ኮ አላውቃትም» አለኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

«እኔም አላውቃትም» አልኩት።

አሁንም እንደተናደድኩብሽ ነው፤ የሰውየው እንባ አያበርደኝም። ግን ስትፈቺ በሩ ላይ ታገኚኛለሽ። ቀጥታ ወደ እኔ ቤት ነው የምንሄደው፤ መንገድ ላይ የትም ሱቅ አንቆምም።

በንዴት የምትጨርሺው ወንድምሽ፣
ክሊፍተን