ለእናቶች ተብሎ ስለተገዛው ቅንጡ መኪና

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ ለቢሮዎም ጸጥታን እመኛለሁ። የሥራ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት የምኖር ሴት ነኝ። ሰው ፊት ቆሞ መናገር ስለማይሆንልኝ ጻፍኩ፤ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ ሌላውን በሩ ላይ ለጠፍኩት። ልጄ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያውን በኦፕራሲዮን ስለወለደች፣ አዋላጇ «እሷን እዚህ አንነካትም፤ ገና ቆረጠኝ ስትል በቀጥታ ከኮረብታው ማዶ ወዳለው ሆስፒታል» ብላኛለች። እርስዎ ደግሞ በዚሁ ሰሞን አሮጌውን አምቡላንስ ለእህል ነጋዴው ሸጠው፣ የነዋሪውን መዋጮ ጨምረው፣ «ለእናቶች ክብር ይገባቸዋል» በማለት ያገለገለ ቅንጡ መኪና ገዙልን። ስለ ክብሩ እናመሰግናለን። እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሌላ ሰው ቢኖር ይማርበት ዘንድ፣ ከእርስዎ ግዢ ያገኘሁትን ትምህርት በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. የግዢ ኮሚቴው መኪናውን የመረመረው በመቀመጥ ነው። ሻጩ ግቢ ውስጥ እንዳቆመው ሁሉም ተግተልትለው ገቡ። ገንዘብ ያዡ ወንበሩ ወገቡን ሲያሞቅለት «ይሄማ መኪና አይደለም፣ ሳሎን ነው!» አለ፤ ጸሐፊው ሬዲዮውን ከፍ ዝቅ አደረገ፤ እርስዎም ጣሪያው ሲከፈት ሽቅብ አይተው ፈገግ አሉ። ከመካከላችሁ ጋደም ብሎ የሞከረ ግን አልነበረም። ግዢው ካለቀ በኋላ ቃሬዛው ሲገባ ግማሹ ውጭ ቀረ፣ በሩም አልዘጋ አለ። እርስዎም «ተቀምጣ መሄድ አትችልም እንዴ?» አሉ። ምጥ ይዞዎት ስለማያውቅ አይፈረድብዎትም።

2ኛ. ሻጩ መኪናውን ያመጣው ሞተሩን አሙቆ ነው። «እስቲ አንድ ሌሊት እዚህ ትደርና ጠዋት እናስነሣት» ያለ ሰው አልተገኘም። አሁን በየማለዳው መኪናው ሲያስል፣ ጭስ ሲተፋና ሲጠፋ እሰማለሁ። ከዚያ ጥበቃው፣ ሹፌሩና ክትባት ሰጪዋ ይገፉታል። ክትባት የሚጠብቁ ሕፃናት በትዕግሥት ያለቅሳሉ።

3ኛ. የሽቶው ነገር። ሻጩ ውስጡን ሽቶ ሲያርከፈክፍበት ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ምንጣፉ የተገለጠው ከተገዛ በኋላ ሲሆን፣ ከሥሩ የደረቀ ጭቃና ዝገት ወጣ፤ ለካ ጎርፍ ውስጥ የከረመ መኪና ኖሯል። ከላይ ሲያዩት መስታወት፣ ውስጡን ለቄስ! ልጄ አንድ ቀን ለምርመራ ብትሳፈርበት ሻጋታውና ሽቶው ተደባልቆ አስመለሳት። ሹፌሩም «እህቴ፣ ቆዳውን! ኧረ ቆዳውን!» ብሎ ጮኸ። እሷን ያየ የለም።

4ኛ. መኪናው ሲቆም፣ በሞላ ፈንታ የተገጠመለት በአየር የሚነፋ እግሩ እየተነፈሰ በአንድ ጎኑ ይተኛል። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ በመርከብ እየመጣ ነው አሉ። የልጄ ምጥ መርከብ አይጠብቅም።

5ኛ. ይህን ለመጻፍ እጄ ዘግይቷል። መኪናው በነፍስ በነበረበት በዚያች አንድ ሳምንት፣ አበባ ለብሶ የእህትዎን ልጅ ሠርግ ሲያጅብ አየሁት። በዚያው ዕለት የአናጺው ሚስት ኮረብታው ወገብ ላይ፣ በዕቃ መጫኛ ጋሪ ላይ ወለደች። ሕፃኑ ተርፏል፤ እናቲቱ ግን እስካሁን ከአልጋ አልተነሣችም። እርስዎ በማግሥቱ ሹፌሩን «አበባው ቀለሙን ጫረው ወይ?» ብለው ሲጠይቁት ከደጄ ሆኜ ሰማሁ። ክቡር ሆይ፣ እስከ ዛሬ ብዙ ነገር ውጬ ኖሬአለሁ፤ ይህቺን ግን አልዋጥኳትም፤ በርዎ ላይ ለጠፍኳት።

ልመናዬ አጭር ነው። ይህን ሳሎን ይሽጡና የተኛ ሰው የሚገባበት፣ ጠዋት በራሱ የሚነሣ መኪና ይግዙልን። ወንበሩ ሸካራ ቢሆን ግድ የለንም። ሰማይ ምድሩ ለሚዞርባት ሴት የሚከፈት ጣሪያ ትርፍ ነው።

ሽቶ ካልተረጨበት አክብሮት ጋር፣
ከበርዎ ፊት ለፊት የምኖረው
የነፍሰ ጡሯ እናት

ድኅረ ጽሑፍ (በማግሥቱ በሩ ላይ ባለው ቅጂ ግርጌ የጨመርኩት)፦ ደብዳቤውን በሩ ላይ ያነበበው እህል ነጋዴ ማምሻውን መጥቶ «ልጅሽ ልጄ ናት፤ ምጥ ሲይዛት አንቺ ብቻ ድምፅሽን አሰሚኝ» አለኝ። አሮጌውን አምቡላንስ ከጆንያው አራግፎ፣ አጥቦ፣ ደጄ አቁሞታል። ለእርስዎም መልእክት ልኳል፤ ቢታመሙ ያለ ክፍያ ተኝተው ይሄዳሉ ብሏል። ልጄ በሰላም እስክትገላገል ድረስ ብቻ፣ እባክዎ አይታመሙ።