የአባትሽ እግር

ውድ አደይ፣

ከሁሉ በፊት እንዳትደነግጪ። አባትሽ ደህና ናቸው። አጎትሽ ፍሬው ድንገት በር ላይ ቆሞ ሲያይሽ ልብሽ ክፉ እንዳያስብ ብዬ ነው ይህን ከላይ የጻፍኩት። ለመርዶ አልመጣም፤ እንደ ልማዱ የበግ ጠጉር ባናውን ሊሸጥ አዲስ አበባ ወርዶ ነው። ዳቦ ቤት እንደምትሠሪ ከመንደራችሁ ከቀየት የሄደች ልጅ ነገረችው። ስልክሽን ሞክሬ ሞክሬ እምቢ ሲለኝ ጊዜ ወረቀት አነሳሁ። በይ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የሄድሽ ዕለት አልጋሽን አንጥፈሽው ነበር የሄድሽው። የተግባር መምህርታችን ሲስተር ጥሩሸዋ እንዳሳዩን፣ የአንሶላውን ጫፍ አጣጥፈሽ፣ አንድም መጨማደድ ሳይታይበት። እኔ ሳልነቃ እንዴት እንዳነጠፍሽው አላውቅም። የነቃሁት በሩን ስትከፍቺ ነው። ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ፣ «ለአባዬ እኔው እነግረዋለሁ፤ አንቺ አፍሽን ያዢልኝ። በማርያም በይ» አልሽኝ። እንቅልፌን ሳልጨርስ «በማርያም» አልኩሽ። አውቶቡሱ ሲነሳ ጥሩምባው እስከ ቤታችን ተሰማ። እኔም ተነስቼ ክፍል ገባሁ፤ ፈተና ነበረብን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ። ሁለት ሆነን የምንሸከመው ሸክም እኔ ላይ ብቻ ወደቀ። ጠዋት ክፍል ነው፣ ከሰዓት የሆስፒታሉ ዋርድ ነው፣ ከዋርድ ስወጣ ደግሞ ውሃው፣ ሽሮው፣ ልብሱ። ጋውኔን አጥቤ ሰቅዬው ጠዋት ሳወርደው በውርጭ ደርቆ እንደ ቁርበት ቀጥ ብሎ ይጠብቀኛል፤ ገላዬ ላይ ይቀልጣል። መጽሐፉ እንደምታውቂው እንግሊዝኛ ነው። አንቺ ጮክ ብለሽ ስታነቢው ቢያንስ ግማሹ ይገባኝ ነበር። ለብቻዬ ሳነበው አንዱን ቃል ፈልጌ አግኝቼ ስመለስ የዐረፍተ ነገሩ መነሻ ይጠፋኛል። የደም ግፊት ልለካ ቆሜ ቁጥሩን ሰምቼ፣ ልጽፈው ስዞር ይረሳኛል። እንደገና እለካለሁ። ታማሚዋ «ምነው ልጄ፣ ከፋ እንዴ?» ትለኛለች። «አይ እማማ፣ ደህና ነው» እላለሁ፤ ቁጥሩን ግን አላውቀውም።

አናቶሚ ወደቅሁ። ለማንም አልነገርኩም።

አንድ ቀን ለእናቴ ደወልኩና «እማ፣ ከበደኝ» አልኳት። «በርቺ ልጄ፣ አባትሽ እኮ በየሰንበቴው ስለ አንቺ ነው የሚያወራው። ሰው ሁሉ የሲስተር እናት እያለ ነው የሚጠራኝ» አለችኝ። ሌላ ምን እላታለሁ? ስልኩን ዘጋሁት። ከቤት ክፍል፣ ከክፍል ዋርድ፣ ከዋርድ ቤት፤ ገመዷ እስከሚደርስላት ብቻ እንደምትግጥ በግ ሆንኩ። ደግሞ በአንቺ ቀናሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቆጥቼሽ ብቻ አይደለም፤ ቀንቼብሽ ነበር። አንቺ አመለጥሽ።

እኔም ከጥምቀት በኋላ ለመሄድ ቆረጥኩ። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። የት እንደምሄድ አላሰብኩበትም፤ ብቻ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ መውጣት ነበር የታየኝ።

በዚያው ሰሞን ከሰዓት በኋላ የወንዶች ዋርድ ውስጥ ሙቀት እየለካሁ ሳለሁ ከኋላዬ «አደይ! አደይ ልጄ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል አባትሽ ናቸው። ፍሬው ደግፏቸዋል። አንድ እግራቸው በነጠላ ተጠቅልሏል። ፊቴን ሲያዩ ደንገጥ አሉና ሳቅ አሉ።

«አንቺ የአባይነህ ልጅ ነሽ ለካ! ነጩ ልብስ አሳሳተኝ። እሷስ?»

«ዛሬ የለችም ጋሼ» አልኩ። ሐሰት አልነበረም።

«ይሁን፤ ነገ ትመጣለች» አሉና አልጋው ላይ ጋደም አሉ።

ነጠላው ሲፈታ ሽታው ቀድሞ መጣ። የጎማ ጫማቸው የላጠው ቁስል ነው አሉ፤ ከመኸር ጀምሮ በቅጠልና በጸበል ሲያስታምሙት ከርመዋል። ደማቸው ሲታይ ስኳር አለባቸው። ኖሮባቸው አላወቁትም። ሁለት የእግር ጣቶቻቸው ጠቁረው ነበር። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ በትሕትና አስረዳቸው፤ ጣቶቹ አሁኑኑ ካልተቆረጡ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያን ጊዜ እግሩም ይሄዳል አላቸው።

አባትሽ በደንብ አዳመጡትና «ጥሩ ነው ዶክተር። ልጄ ትየውና ትወስን» አሉ።

«ልጅዎ ሐኪም ናት?»

«እዚሁ ናት፤ ነርስ ናት። ይቺ ጓደኛዋ ናት» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ሐኪሙ አየኝ። እኔ ቴርሞሜትሩን አየሁ።

በማግስቱም ጠየቁኝ። «ዛሬም አልገባችም» አልኩ። በሦስተኛው ቀን «ለልምምድ ሌላ አገር ላኳት እንዴ?» ሲሉኝ ጎናቸው የተኛውን ታማሚ ላገላብጥ ሄድኩ። ፍሬው ለመናቸው፤ እኔም ለመንኳቸው። «እናንተ ምን አላችሁ? እሷ የተማረችው ለዚህ አይደል እንዴ? እሷ ቁረጡ ካለች ይቆረጣል» ብለው ባናቸውን ይከናነባሉ። ጥቁረቱ ወደ መሀል እግራቸው እየገፋ ነበር። ቁስሉን ሳጥብ በዓይኔ አየዋለሁ። በማርያም ያልኩት ግን አስሮኛል።

ሲስተር ጥሩሸዋ በኮሪደሩ ጠሩኝ። አንቺ እንደሄድሽ ያውቃሉ፤ ለአባትሽ እንዳልተነገራቸው ግን ያኔ ነው የገባቸው። በማርያም ማለቴንም ነገርኳቸው፤ የሚቆጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አልተቆጡም።

«መሐላሽን እኔ አልፈታልሽም፤ እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ» አሉኝ። «የሰውዬው እግር ግን አንቺ እስክትወስኚ አይጠብቅም።»

ተመልሼ አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ። «ጋሼ፣ አደይ እዚህ የለችም። ትምህርቱን ትታ ከሄደች ወራት ሆኗታል። እኔው እነግረዋለሁ ብላኝ ነበር፤ አልቻለችም መሰል» አልኩ። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት፤ ብቆም አልጨርሰውም ነበር።

እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፍሬው «ይህን ሁሉ ቀን እያወቅሽ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ፤ ታማሚው ሁሉ ቀና ቀና አለ። ምሳ መጣላቸው፤ አልነኩትም። ሌሎች አልጋዎች ይጠብቁኝ ስለነበር ሄድኩ፤ ዋርድ ላይ ሆነሽ ለማልቀስ ጊዜ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ሙቀታቸውን ልለካ ስመለስ ክንዳቸውን አንስተው ሰጡኝ እንጂ ዓይኔን አላዩም።

ጋውኔን ላወልቅ ስል ጠሩኝ።

«ምን ሆና ነው የሄደችው?»

የዚያችን አራስ ነገር ነገርኳቸው። ደም ፈሷት መሞቷን፣ እኔና አንቺ ሬሳዋን እንድናዘጋጅ መታዘዛችንን። አንቺ ፀጉሯን በጣትሽ እንዳበጠርሽላት፣ ከዚያ ቤት ገብተሽ እጅሽን ስትታጠቢ ስትታጠቢ እንዳመሸሽ፣ እህል እንዳልቀመስሽ።

አባትሽ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «እናቷም እንደዚያው ነው የሄደችብኝ» አሉ። «በወሊድ። ያኔ አደይ ገና ጡት የተወች ልጅ አልነበረችም፤ ነፍስ አውቃለች። ሴቶቹ ሲያጥቧት በር ላይ ቆማ አይታለች። ማንም አላያትም ነበር። አልነገረችሽም?»

«አልነገረችኝም፣ ጋሼ።»

አደይ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ኖረን፣ ከአንድ ትሪ በልተን አልነገርሽኝም። እናትሽ እንደሞቱ አውቃለሁ፤ በምን እንደሞቱ ጠይቄሽ አላውቅም። ያን ዕለት ያቺን አራስ ለብቻዬ ላዘጋጃት እችል ነበር። «ውጪ፣ እኔ እጨርሳለሁ» ልልሽ እችል ነበር። ምነው አንድ ቃል በተነፈስሽ።

አባትሽ እንባቸውን በባናው ጫፍ ጠረጉና ድንገት «አንቺስ? አንቺም ልትሄጂ ነው?» አሉኝ።

ማን ነገራቸው? ማንም። ፊቴ ላይ አንብበውት ይሆናል። ሻንጣዬ ተዘግቶ አልጋዬ ሥር ነበር። መዋሸት ደከመኝና «አላውቅም ጋሼ፤ ከብዶኛል» አልኩ።

«እንግዲያው እግሬ እስኪድን አትሂጂ። እኔም ልቆረጥ» አሉ።

እሺ አልኩ። እሺ ስል ደስ ብሎኝ አይደለም፤ መውጫዬ ላይ በር ሲዘጋ የሰማሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ሽማግሌ እግሩን ይዞ ሲለምንሽ ምን ትያለሽ? ፍሬው ቀለሙን ያዘላቸው፤ አውራ ጣታቸውን የፈቃድ ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ። እግራቸው ተረፈ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሲስተር ጥሩሸዋ እያዩኝ ቁስሉን የማጥበው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «እግዚኦ መሐረነ» ይላሉ፤ ሲብስባቸው ደግሞ «ቀስ በይ እንጂ፣ የበግ እግር መሰለሽ!» ይሉኛል። በሁለተኛው ሳምንት የጎናቸውን ታማሚ ቁስል ሌላ ሰው ሊያጥብለት ሲመጣ «የኔዋን ጥራት፣ የሷ እጅ አያምም» ብለው መከሩት። ያምም ነበር። ለእኔ ብለው ነው ያሉት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ወጡ። በምርኩዝ እያነከሱ ነው የሄዱት፤ ቀሪው ቁስል እዚያው ቀየት ጤና ጣቢያ ይታጠባል፤ የስኳር መድኃኒታቸውንም እየዋጡ ነው። ሲሄዱ የላኩብሽን ቃል እንዳለ ልጻፍልሽ፦

«እናቷን አስታውሳ ከሆነ የሸሸችው፣ በዚያ አልቆጣትም በያት። ሳትነግረኝ በመሄዷ ግን እቆጣታለሁ። ቤቷ መጥታ ትሰደብ።»

በውላችን መሠረት እኔ አሁን ነፃ ነኝ። እግራቸው ከሞላ ጎደል ድኗል። ግን አልሄድኩም። አናቶሚን ደግሜ ተፈትኜ እንደምንም አለፍኩ። በዚህ መንፈቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ የሌሊት ተራ ተጨምሮብናል፣ ማዋለጃ ክፍል ይደርሰኛል። ጠዋት ስነሳ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ማንም አልያዘኝም፤ በሩ ክፍት ነው፤ አውቶቡሱም በየጠዋቱ ይነሳል። ብቻ ስሄድ አባቴ በሰንበቴው ምን እንደሚል አስባለሁ፣ አባትሽ እግራቸውን እያዩ ምን እንደሚሉ አስባለሁ፣ ከዚያ ሰዓቱ ይደርስና ዋርድ እገባለሁ። ይህ ጽናት ይሁን ፍርሃት ይሁን አላውቀውም። ስሜን ያወጣችው እናቴ ታውቅ ይሆናል።

ተመልሰሽ ተማሪ አልልሽም። ያየሽውን ካየሁ በኋላ እንደዚያ ለማለት አፍ የለኝም። አባትሽን ግን እዪ። ከፋሲካ በፊት ቢሆን መልካም ነው፤ መንገዱም ለጊዜው ሰላም ነው ይላሉ። ስታልፊ እኔ ጋ እደሪ። ተቆጥቼሻለሁ፣ ናፍቀሽኛልም፤ ሁለቱንም ፊት ለፊት ልንገርሽ።

የምታጪኝ እንዳይመስልሽ። እዚሁ ነኝ፤ የት እሄዳለሁ።

ጽናት አባይነህ
መሐል ሜዳ፣ መጋቢት