ለእርጥብ እግር የሚሆን ወለል

ዓርብ፣ ግንቦት 3 ቀን 1999

ሴራሚኩ መጣ። ሃያ ሁለት ካርቶን፣ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ። በረንዳው ላይ ተደርድሯል። የመረጠው ወንድሜ ዩኑስ ነው።

"ምንድን ነው የመጣው?" አለች እናቴ። የሳሎኑ ወለል አልኳት።

"እንደ ዩኑስ ቤት?"

አዎ አልኳት። ዳሌዋን በእጇ ደገፍ አደረገች። ባለፈው ሮመዳን እሱ ቤት ውዱእ አድርጋ ስትገባ ነው አዳልጧት የወደቀችው። ሦስት ወር ተኛች። አሁንም በከዘራ ነው የምትሄደው። እዚህ ደግሞ ከግቢው ቧንቧ ወደ መኝታዋ ስትገባ ሳሎኑን ማቋረጥ አለባት። በየሶላቱ፣ በእርጥብ እግር።

ምን ይሻላል ብላት፣ "እናንተ እንዳያችሁ።" ከወደቀች ወዲህ ለሁሉም ነገር መልሷ ይሄው ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 4

ለዩኑስ ደወልኩ፤ የማያዳልጥ ይሁን አልኩት።

"ፈትያ፣ ሚሌኒየም ሊገባ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤቱን ሲያሳምር እኛ እንደ ልኳንዳ ቤት ሻካራ እናንጥፍ?"

"የእናታችን ዳሌስ?"

"ምንጣፍ ጣል ይደረግላታል።"

ምንጣፉስ በምን ላይ ሊቆም ነው? ይህን ስለው ዘጋው። ወለሉን የሚያሠራው እሱ ነው፤ እውነት ነው። የምትራመድበት ግን እሷ ናት። አይነጠፍም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

ሴራሚኩ የተገዛበት ሱቅ ሄድኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ናሙናዎቹ ላይ ከሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ አፍስሼ በየተራ ቆምኩባቸው። ባለሱቁ ጠሀ ከመቀመጫው ተነሳ።

"ኧረ እህቴ! ሴራሚክ እኮ በዓይን ነው የሚመረጠው።"

"እናቴ በዓይኗ አትሄድም።"

ሦስቱ አዳለጡኝ። በሦስተኛው መደርደሪያውን ይዤ ነው የተረፍኩት። አራተኛው፣ ቡናማው፣ ያዘኝ።

"እሱን ሰው ለበረንዳ ነው የሚወስደው።"

"ሳሎን እንዳይገባ ማን ከለከለው?"

ሳቀ። ካርቶኖቹ ካልተከፈቱ እስከ ሰኞ ስድስት ሰዓት ይቀይርልኛል። ናሙናም አዋሰኝ፤ ሁለት ነጭ፣ ሁለት ቡናማ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

ነጣፊው ደበሌ ማለዳ መጣ። ዩኑስ ልኮት። ካርቶን ሊከፍት ሲል ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

"እትዬ ፈትያ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የማነጥፈው።"

"መች ከለከልኩህ? ተቀምጫለሁ እንጂ።"

"እስከ መቼ?"

"ሌላ ሥራ የለህም?"

አንድ ሰዓት ቆመ። ከዚያ ዕቃውን ሰብስቦ፣ "ሰኞ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ፤ እስከዚያ ተስማሙ" አለ። እኔ እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሳሁም። ቢመለስስ?

ዓርብ፣ ግንቦት 10

ዩኑስ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ናሙናዎቹን ቧንቧው አጠገብ መሬት ላይ ደረደርኳቸው። ነጮቹ ከፊት፣ ቡናማዎቹ ከኋላ። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። ለዙሁር ውዱእ አድርጋ ተነሳች። ነጩን በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ እግሯን መለሰች። ዞራ ሄዳ ቡናማው ላይ ቆመች። ቆየች...

"ይሄኛው ያዘኝ።"

ዩኑስ ግን ነጩን ነው የሚለው አልኳት። "እናንተ እንዳያችሁ" ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም።

"ስልኩን አምጪው።"

እሷው አናገረችው።

"ነገ ና። እግርህን ታጥበህ በመረጥከው ላይ ትራመዳለህ። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ... የለም፣ ካልሲ አይቻልም።"

ነገ ከሰዓት፣ የአስር ሶላት እንደተሰገደ ይመጣል። ደበሌ ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ የጠሀ ቀነ ገደብ ሰኞ ስድስት ሰዓት። ካርቶኖቹ እንደታሸጉ ናቸው። ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ ከነጩ አጠገብ አስቀምጫለሁ።