አደጋ ብዬ ያስገባሁት ቁጥር

ግንቦት 2 ቀን 2008

ሙቀት። ቢሮው ውስጥ አንድ ማራገቢያ፣ እሱም ወደ ኃላፊው ዞሯል።

ሰሞኑን የፊልቱ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ነበር። ሾፌሩ ራሱን ስቶ ሲወሰድ ስልኩን ከፍተው ቢያዩ «ሸበላው»፣ «ቆንጂት»... ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ አሉ። ለማን ይደወል? ስለዚህ አዲስ ትእዛዝ መጣ። ለከብት ክትባት ቆላ የምንወርድ ሁሉ «አደጋ» በሚል ስም የአንድ ሰው ቁጥር ስልካችን ውስጥ እናስገባ። ጸሐፊያችን ሚልኪ እየዞረች አየች። እኔ ጋ ስትደርስ ባዶ። ሚስት የለዎትም? የለኝም። ልጅስ? ሚስት ሳይኖር... ሳቅን። ነገ አስገባለሁ አልኳት።

ግንቦት 3

ስልኬን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሽንኩርት የምታመጣልኝ ሴት አለች። ቧንቧ የሚጠግነው አለ። ባጃጅ ነጂው አለ፣ ስሙን እንኳ አላውቀውም፣ «ባጃጅ» ነው የሚለው። ነገሌ ስመጣ ጸጉሬ ጥቁር ነበር፣ አሁን ሸብቷል። ይኼን ሁሉ ዘመን ምን ስሠራ ኖርኩ? ከብት ሳክም። ከብት ደግሞ ስልክ አያነሳም።

አከራዬ አዴ ጉያቱ እዚሁ ግቢ ናት። አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን። ግን ምን ብዬ? ብወድቅ አንሺኝ ልበላት? ተከራይ ነኝ እንጂ ዘመዷ አይደለሁም። ተውኩት።

ደብረ ብርሃን ያለችውን እህቴን ፍሬሰንበትን አስገባሁ። የምንደዋወለው ለገናና ለፋሲካ ነው። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። በል ካርድ እንዳያልቅብህ። በቃ፣ ይኸው ነው። ደውዬ ልንገራት ይሆን? በዓል ሳይሆን ብደውል ትደነግጣለች። አልደወልኩም። ሚልኪ ቁጥሩን አየችና «ጎበዝ» አለችኝ፣ እንደ ተማሪ።

ግንቦት 4

ቆላ ወረድን። ዝናቡ ከጣለ ወዲህ ትንኙ ለጉድ ነው። አጎበሬን ቤት ረስቼ መጣሁ። ድንቄም ሐኪም።

ግንቦት 14

ብርድ ብርድ ይለኛል፣ በዚህ ሙቀት። ሾፌራችን አረሮ «ዶክተራ፣ እንመለስ» አለኝ። ከብቱ ከዚያ ሁሉ ርቀት ተነድቶ መጥቶ እንዴት እንመለሳለን? ነገ ይጨረስ።

ግንቦት 18

ቤት ነኝ፣ አልጋ ላይ። ወባ ነው አሉ። በማግሥቱ ክትባቱ መሐል ወድቄ፣ አረሮ ነው ተሸክሞ መኪና ውስጥ ከቶ ሆስፒታል ያደረሰኝ። እኔ የማውቀው የለም። ዛሬ አስወጡኝ። አዴ ጉያቱ ወተት ይዛ መጣች፣ በሩ ላይ ቆማ «አካም? ናጋ?» ብላ ደህንነቴን ጠይቃ፣ ሰጥታኝ ሄደች።

ከሰዓት አረሮ ሊጠይቀኝ መጣ። «አደጋ» የሚለውን ቁጥር አግኝቶ ያን ቀን ለእህቴ ደውሎላታል። ደስ ብሎት ነው የሚነግረኝ።

«ምን አልካት?»

«እንዳይደነግጡ ብዬ፣ ትንሽ አሞታል አልኳቸው።»

«እሷስ?»

«ጮሁ። ከዚያ ባትሪው አለቀ።»

ወይ ጉድ! በእኛ አገር «ትንሽ አሞታል» የሚባለው ለሞተ ሰው ነው። መርዶ በስልክ አይነገርማ። አባታችን ሲሞት እኔንም እንዲሁ ነው የጠሩኝ። ትንሽ አሟቸዋልና ብቅ በል... ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። አረሮ ምን ያድርግ፣ በደግነቱ ነው።

ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ። የሌላ ዘመድ ቁጥር የለኝም። አንድም! ይኼኔ ድንኳን ጥለውልኝ ይሆን? ማን ማን መጥቶ ይሆን? እንዲህ ማሰብ ደግ አይደለም... ግን አሰብኩት።

ግንቦት 19

ጠዋት ግቢው በር ላይ ጩኸት። ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት። ፍሬ።

«ሚስት የለው ልጅ የለው ማን ያልቅስለት ብዬ፣
አገር አቋርጬ መጣሁ ወንድምዬ።»

ተኝቼ የራሴን ለቅሶ ሰማሁ። መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ትንሽ ልስማው አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እንዲህ የሚያለቅስልኝ ሰው እንዳለ የት አውቄ?

ከዚያ ሌላ ጩኸት ተጨመረ። አዴ ጉያቱ ናት። ለቅሶውን ስትሰማ ውስጥ ሞቼ የተገኘሁ መስሏታል። «ኦቦሌሳ ኮ! ኦቦሌሳ ኮ!» ትላለች። ወንድሜ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። ሌላ ጊዜ «ዶክተራ» ነው የምትለኝ።

ጋቢዬን ደርቤ በሩን ከፈትኩ። ፍሬ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ከስታለች። አርጅታለችም።

«ፍሬ... አልሞትኩም።»

ፍሬ ቀረብ አለችና በጥፊ አጮለችኝ። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እንደ አዲስ አለቀሰች።

ግንቦት 22

አዴ ጉያቱ አኩርፋኛለች። ከፍሬ ጋር ግን ተዋደዋል፣ ደጃፍ ተቀምጠው እኔን ያማሉ። ዛሬ ወጣላት።

«እኔ እዚህ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ፣ ደብረ ብርሃን ታስደውላለህ? ምን አደረግኩህ?»

ምንም አላደረገችኝም። ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሯን በቃሏ ነገረችኝ፣ «አደጋ 2» ብዬ አስገባሁ።

ግንቦት 25

ፍሬን መናኸሪያ ሸኘናት። ጥቁሩን አውልቃ የአዴ ጉያቱን ሻሽ አስራለች። በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብላ አስጠነቀቀችኝ። ስታመም እውነቱ ይነገራት። ስሞት ግን በስልክ እንዳይሆን፣ ሰው ይላክባት። ይኼን ሁሉ አገር ማን ይሄዳል ብዬ ሳቅሁ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች አዴ ጉያቱ። አልሳቀችም።

ቤት ስገባ ጭር አለብኝ። ድሮም ጭር ያለ ቤት ነው... ዛሬ ግን ከበደኝ።

ሰኔ 6

በዓል አይደለም። ቢሮ ቁጭ ብዬ ስልኬ ጮኸ። ሳየው «አደጋ» ይላል። ማን ሞተ ደግሞ?

«ምን ሆነሽ ፍሬ?»

«ምንም። ምሳ በላህ ወይ ልልህ ነው።»

አልበላሁም ነበር። በላሁ አልኳት። አላመነችኝም። ምን በላህ? ሽሮ። ሁልጊዜ ሽሮ? ስለ ጉልበቷ፣ ስለ አዲሷ ጎረቤቷ አወራችልኝ፣ ካርዷ አልቆ እስኪቋረጥ።

ስሟን መቀየር አለብኝ።