አንድ ወንድ ዓሣ ከአራት ሴት

ኅዳር ፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፤ ቡሬ፣ ጧት
ውሃ ቀየርሁ። ግማሹን ብቻ። ሙሉውን ከቀየርሽ ያልቃሉ ብሎኛል ጣልያኑ ሐኪም። ጨው ቆንጥሬ ጨመርሁ። እኔ ወጤን ያለ ጨው እየበላሁ የጣልያን ዓሣ ጨው ይልሳል፤ ኤዲያ!

ደብተሬ፣ ለአንቺ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ? ሐኪሙ ትናንት ደብረ ማርቆስ ሄደ። ለሦስት ሳምንት። ቤቱን የማጸዳው እኔ ነኝና የመስተዋት ሣጥኑን እኔ ላይ ጣለው። አምስት ጥቋቁር ዓሣ፣ ጣት የማያህሉ። አንድ ወንድ፣ አራት ሴት። ስመለስ በሕይወት ካገኘኋቸው ባልሽን «ታሟል፣ ይውጣ» ብዬ ወረቀት እጽፍለታለሁ አለ። ደሳለኝ የጣልያኖቹ ምሽግ ውስጥ ከታሰረ አምስት ወሩ። ለአርበኞች ጥይት አቀብለሃል ብለውት። ሳያቀብል አይቀርም፤ ለኔ መቼ ነግሮኝ ያውቃል?

ኅዳር ፭፤ ከሰዓት
ደክሞኛል። ወንዱ ዕረፍት የለውም። አንዷን ትቶ ሌላዋን ያባርራል። አራት ሴት ለአንድ! አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ቢያጡ ፊደሉንም ዳዊቱንም ለኔ አስተማሩኝ። ያገባሁትም በቁርባን ነው። እኔ በማጸዳው ቤት ዓይኔ እያየ እንዲህ ያለ ነውር አይሆንም። ሦስቱን ሴቶች ቀድቼ ገበቴ ውስጥ አደረግሁ፤ የወንዝ ሣር ጣል አደረግሁላቸው። ትልቋን ከወንዱ ጋር ተውኋት። አንድ ለአንድ። ሲያዩት ደስ ይላል።

ኅዳር ፰
ስንቅ ይዤ ምሽጉ በር። ዘበኛው ደሳለኝ በልቷል ይለኛል። ማን አበላው? ሚስቱ። እኔስ ማን ነኝ ታዲያ? ሳቀ። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ባዶ አገልግል ይዛ ቆማለች። ጥሩወርቅ ትባላለች፤ የሊበን ናት። ባሌ ለንግድ ሊበን ሲመላለስ እዚያም ጎጆ ቀልሷል። የሦስት ዓመት ልጅ አላቸው። መታሰሩን ሰምታ ገና መምጣቷ ነው፤ ስለኔ የሰማችው እሷም ዛሬ ነው። ጮኽሁባት። ጸጉሯን ልይዝ ምንም አልቀረኝ። እታለም ይቅር ይበሉኝ ብላ አለቀሰች። ስመለስ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ስንቁን ራሴ በላሁት።

ኅዳር ፲፩
ትልቋ ዓሣ ጥግ ገብታለች። ክንፏ ተተልትሏል። ከንጋት ጀምሮ ይከተላታል፤ ሌላ የሚከተላት የለችውማ። ጎመን ቀቅዬ ብጥልላት እሱ በላው። ተቆጣሁት። አንተ የማትጠግብ! አልሁት፤ ከዓሣ ጋር መጣላት ጀመርሁ እንግዲህ።

ኅዳር ፲፪፤ ጧት
ሞታለች። በጀርባዋ ተንሳፋ አገኘኋት። ሣጥኑ ፀሐይ ላይ ነው፣ ውሃው አልበረደም፣ ጨውም አልጎደለም። እኔ ነኝ ያጋባሁ፣ እኔ ነኝ የገደልሁ። ወረቀቱ ቀረ። አሁን ደሳለኝ እዚያው ይበስብስ? ልቤ አንዴ ይበስብስ ይላል፣ አንዴ ይራራል። ጓሮ ቀበርኋት። አለቀስሁ፤ ለማን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ኅዳር ፲፰
ወይ ጉድ! ገበቴው ውስጥ፣ ከሣሩ መካከል፣ የተልባ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቋቁር ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ትል መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ ዓይን አላቸው! ወንድ ካጡ ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው ነው፣ ወለዱ። እንቁላል እንኳ የለም፣ እንደ ላም። ዐሥራ አምስት ቆጠርሁ። አንዷ እናት አንዱን ስትውጥ አየሁ! ልጆቹን በጭልፋ ወደ ድስት አሸሸሁ። ዐሥራ አራት።

ኅዳር ፳፬
ሐኪሙ መጣ። ሁሉንም ነገርሁት። ለምን እንደለየኋቸው ሲሰማ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ዕንባውን ጠረገ። በዚያች ስብርባሪ አማርኛው አስረዳኝ፦ ሴቶቹ ሦስትና አራት ካልሆኑ ወንዱ አንዷን አሳድዶ ይጨርሳታል፤ ብዙ ከሆኑ በየተራ ያርፋሉ። የወንዱንም ዘር ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ከወር በላይ ይቆያሉ። እንግዲህ ይኼን ከመሄዱ በፊት ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ድስቱን ሲያይ ግን አጨበጨበ። እሱ ሲያስወልድ አንድም ልጅ ተርፎለት አያውቅም። ወረቀቱን እዚያው ቆሞ ጻፈ። ምሽጉ ካደረስሁት ደሳለኝ ማክሰኞ ይወጣል።

ኅዳር ፳፭፤ ጧት
ወረቀቱ ጉያዬ ውስጥ ነው። እልል ማለት ነበረብኝ። አልመጣልኝም።

ምሽጉ በር ጥሩወርቅን አገኘኋት። ልጅቱን አዝላለች፤ ግንባሯ ቁርጥ ደሳለኝን። ስንቁን በየተራ እናምጣ እታለም፣ አንድ ቀን እርስዎ፣ አንድ ቀን እኔ፣ እርስዎም ይረፉ አለችኝ። ይረፉ! ባል ካገባሁ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣ እረፊ ያለኝ ሰው የለም። ያለችኝ ደግሞ እሷ። ተናድጄ ሄድሁ።

ኅዳር ፳፮
ወረቀቱን ለጥሩወርቅ ሰጠኋት። እሷ ታውጣው፣ ሊበን ይዛው ትግባ። እጄን ልትስም ስትል ነጠቅኋት። እኔ ነገ ከገበያተኞች ጋር ፈረስ ቤት፣ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እንደማልመለስ ለሐኪሙም ነግሬዋለሁ።

የት ሄደች ቢለኝ ምን ልበለው አለችኝ። ደክሟት ሄደች በይው፣ ሌላ እንዳትጨምሪ አልኋት።