ተማሪን በኒም ጥላ ለሚመድቡ ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ አቶ እንዳለው
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
መተማ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ የአየር ማራገቢያው በሚሠራበት ቢሮዎ ተቀምጠው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በእኛ ቆላ ፀሐይ እንደ እርስዎ ያለ ሰው መጎዳት የለበትም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ እባላለሁ፤ የሃይሚ አያት ነኝ። ሃይሚ ማለት ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል የገባችው፣ ወባ ታምማ ገና ያገገመችው፣ ቀጠን ያለችው ልጅ ናት። ባያስታውሷት አልቀየምዎትም፤ እርስዎ ያዩት የቆመችበትን ቦታ እንጂ ፊቷን አይደለም።

ቢሮዎ ድረስ ተመላልሼ ከበር አልፌ ስላልገባሁ፣ ቅሬታዬን ወላጆች ሁሉ እንዲያነቡት በግልጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። በቅደም ተከተል አቀርበዋለሁ፤ የተማርሁት እንደዚያ ነውና።

አንደኛ። ተማሪዎች ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመርጡ በታዘዘበት ዕለት፣ ምርጫቸውን የሚያውቁት ተመዝግበው ሲሄዱ፣ ወደፊት ምን እንደሚሆኑ ገና ያልቆረጠላቸው ልጆች ግቢው ውስጥ እንዲቆዩ አዘዙ። ልጆቹ ሊመከሩ መስሏቸው ቆሙ። ሰዓቱ ቀትር ነበር። ጤነኞቹ ፀሐዩ ላይ ሲቆሙ፣ ሃይሚን የመሰሉ አቅም ያነሳቸው ኒሙ ዛፍ ሥር ተጠለሉ። እርስዎም ከበረንዳው ሳይወርዱ እጅዎን ዘርግተው፣ «ከጥላው ያላችሁ ማኅበራዊ፣ ከፀሐዩ ያላችሁ ተፈጥሮ» ብለው ገላገሏቸው። ይህን አሠራር እኛ የመተማ ሰዎች እናውቀዋለን። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ አደባባይ ላይ ሲሰበሰብ፣ ካቦው መኪና ላይ ወጥቶ «ከዚህ ወዲህ ለአብደራፊ እርሻ፣ ከዚህ ወዲያ ለአብርሃ ጅራ እርሻ» እያለ ሕዝቡን በእጁ ይከፍለዋል። ሁለቱ ክፍሎች እኩል እንዲሞሉልዎ ይህን የመሰለ የቆየ ጥበብ ወደ ትምህርት ቤት ስላስገቡልን እናመሰግናለን። የአጨዳ ሠራተኛ ግን አጨዳው ሲያልቅ አገሩ ይገባል። እርስዎ የመደቧት ልጅ በተመደበችበት ትምህርት ተፈትና፣ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ገብታ፣ ዕድሜዋን በሙሉ በዚያው ትኖራለች።

ሁለተኛ። ሃይሚ ሰነፍ ሆና አይደለም መምረጥ ያቃታት። ካርታ ስታገኝ ወንዞቹን በጣቷ እየተከተለች ምግቧን የምትረሳ ልጅ ናት። ያችው ልጅ ደግሞ ክረምት ላይ ከኩሬ ውኃ በጠርሙስ ቀድታ፣ የትንኝ እጭ ሲያድግ ካላየሁ ብላ መስኮት ላይ ታስቀምጥብኛለች። አንዱን ስይዝ ሌላው ይቆጨኛል አለችኝ። በአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ስለዚህ ሁለቱም ክፍል ለጥቂት ቀናት ተቀምጣ እንድታየው፣ ከዚያ በኋላ እንድትመርጥ ልለምንዎ መጣሁ። በር ላይ ቆመው የሰጡኝ መልስ ቃል በቃል ይኸው፦ «እማማ፣ ትምህርት ቤት ገበያ አይደለም፤ እየቀመሱ አይገዛም።» እውነትዎን ነው፣ ገበያ አይደለም። ገበያ ቢሆንማ ኖሮ፣ በዚህ ከተማ ሰሊጥ ከጆንያው ዘግኖ ሳያኝክ የሚገዛ ነጋዴ ስለሌለ፣ ልጄም የጆንያ ያህል ክብር ታገኝ ነበር።

ሦስተኛ። የሃይሚ ጓደኛ መጂዳ በዚያ ቀን ፀሐዩ ላይ ቆማ ስለነበር ተፈጥሮ ሳይንስ ደረሳት። እሷም እንደ ሃይሚ ያልቆረጠላት ናት። ሁለቱ ልጆች ተመካክረው፣ ማንም ሳይጎዳ፣ አንድም ወንበር ሳይጎድልና ሳይተርፍ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ እንቀያየርና እንየው ብለው ጠየቁዎ። ስማቸው አንዴ ስለተጻፈ እንደማይሆን ነገሯቸው። መጂዳ ቀልደኛ ናትና ሲወጡ፣ «አንቺ፣ ያኔ ከፀሐዩ ገፍተሽኝ በቦታዬ ብትቆሚ ኖሮ ሐኪም ሆነሽ ነበር እኮ!» ብላት ሁለቱም ግቢው ውስጥ ተሳሳቁ አሉ። ሃይሚ ቤት ስትገባ ግን አልሳቀችም።

እኛን ያስተማሩን መምህራን ጨካኞች ነበሩ። ጥያቄውን ሳታነቡ መልስ አትጻፉ እያሉ ጣታችንን በማስመሪያ ጠርዝ ይመቱን ነበር። እርስዎ ጥያቄውን ሳይጠይቁ መልሱን ስለጻፉ፣ በዚያ ዘመን ተማሪ ባለመሆንዎ ስለ ጣቶችዎ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ እሱም የመጨረሻው። ባለፈው ሰኞ ሃይሚ እንደገና ቢሮዎ መጥታ ነበር። ያን ዕለት ያልኋት ነገር አለ፤ አንገትሽን ደፍተሽ፣ በትሕትና ጠይቂ ብያት ነበር። እንዳልኋት አደረገች። እርስዎም፣ «ያልወሰነ ሰው የወሰነ ሰው ወንበር አይያዝ። ካልፈለግሽ ልቀቂ» አሏት። ልጄ መመሪያ አክባሪ ናት፤ ለቀቀች። በማግስቱ ጠዋት ደብተሯን አልጋዋ ላይ ደርድራ፣ ነጠላዬን ለፀሐይ ተከናንባ፣ ከአጨዳ ሠራተኞች ጋር ወደ አብደራፊ በሚሄድ መኪና ተሳፈረች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። መንገዱ ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ እርስዎ ራስዎ ለስብሰባ ሲጠሩ በዚያ መንገድ አልሄድም ማለትዎን ሰምተናል፤ ደግ አደረጉ። ልጅቱ ወባዋ ካገረሸባት ማሳ ውስጥ የሚያያት ሐኪም የለም። ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህንን ነው።

ከእርስዎ የምፈልገው ብዙ አይደለም። አጨዳው አልቆ በሰላም ከመጣችልኝ፣ ወንበሯ ባዶ ይቆያት፤ የትኛው ክፍል እንደሚሆንም እሷው አይታ ትምረጥ። ይህን ለመፍቀድ ዛፍ አያስፈልግም፤ አንድ ቃል ይበቃል። ካልመጣች ግን፣ ወንበሩን ከሁለቱ ክፍሎች በየትኛው እንደሚያስቀምጡት ያስቡበት፤ እኔ ልመርጥልዎ አልችልም።

ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለፈጣን ውሳኔዎ፣ ለረጅም እጅዎና ከበረንዳ ለማይወርደው ትጋትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ከኒሙ ጥላ የተመደበችው ልጅ አያት፣
የዓለምወርቅ

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለኒሙ ዛፍ፣ በምደባው ስለተባበረ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ከጻፍሁ በኋላ፣ ልጄን የጫናትን ካቦ፣ ታንጉ የሚባለውን፣ ትናንት ዕቃ ሊገዛ ሲመለስ አደባባይ ላይ አግኝቼ አንገቱን ልይዘው ነበር። በሕይወት አለች አለኝ። መኪናው ላይ ሳያሳፍራት በፊት፣ አጨዳ ይሻልሻል ወይስ ለሠራተኛ ምግብ ማብሰል ብሎ ጠይቋት እንደነበረም ነገረኝ። አላውቅም አለችው። «እንግዲያው ሁለቱንም ሞክሪያቸውና ትነግሪኛለሽ» አላት። ታንጉ ፊደል አልቆጠረም፤ እርስዎን እንዲተካ እየጠቆምሁ እንዳይመስልብኝ።